እትዬ ዘሃራ አራተኛ ክፍል የገቡ ዕለት

ባለፈው ሳምንት ለትራስ ልብስ የሚሆን ጨርቅ ልገዛ ደብረ ማርቆስ ገበያ ዳር ካለች አንዲት ሱቅ ገባሁ። ባለሱቁ ወጣት ነው። ስልኩን በጆሮውና በትከሻው መሃል አጣብቆ ከሰው ጋር እያወራ ጥቅሉን ከመደርደሪያ አወረደ፤ በክንዱ ለካ፤ ጫፉን በመቀስ ነካ አደረገና በሁለት እጁ ይዞ ሸረከተው። አዲስ አቡጀዲ ሲቀደድ የሚያሰማውን ድምፅ የሚያውቅ ያውቀዋል። ከድምፁ ጋር ብን ብሎ የሚወጣ ደረቅ ሽታም አለው፤ የዱቄትም የሣርም የሚመስል። ያ ሽታ አፍንጫዬ ሲገባ እጄን ባንኮኒው ላይ አሳርፌ ቆምኩ። ልጁ ስልኩን ዘግቶ፣ "አባባ፣ አመመዎት እንዴ? ይቀመጡ" ብሎ በርጩማ አቀረበልኝ። ደህና ነኝ አልኩት። ደህናም ነበርኩ፤ ብቻ በዚያች ደቂቃ ደብረ ማርቆስ አልነበርኩም። ይጁቤ ነበርኩ፤ ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር፤ የአራተኛ ክፍልን በር ከኋላዬ አድርጌ ዘብ ቆሜ ነበር።

ዓመተ ምሕረቱን አልናገርም፤ ብናገረውም እሳሳት ይሆናል። ጃንሆይ ገና ዙፋናቸው ላይ ነበሩ ብል ይበቃል። ዶሮ በአንድ ብር፣ ስድስት እንቁላል በስሙኒ የሚገዛበት ዘመን ነው። ከመምህራን ማሠልጠኛ በተመረቅሁ በሁለተኛው ወር፣ እህል ሊጭን የሚሄድ መኪና ላይ ተሳፍሬ ይጁቤ ስወርድ፣ ራሴ ላይ እንደ ድፎ ዳቦ የተነፋ ጎፈሬ ነበረኝ። አዲስ አበባ ያሰፋሁት ቦላሌ ሱሪ ደግሞ ከጉልበት በታች እየሰፋ ሄዶ ጫማዬን ይውጠው ነበር። ገበያው መሃል አንዲት ባልቴት ቆመው አዩኝና ለጎረቤታቸው፣ "ሰፊው ዘቅዝቆ ነው እንዴ የሰፋለት?" አሉ። በጎጃም አፍ ሲባል ይበልጥ ይጎዳል። ከዚያ ወዲህ ሱሪውን በበዓል ቀን ብቻ መልበስ ጀመርኩ፤ ጎፈሬውን ግን አልሰጠሁም። አሁን ልጆች ከቁርስ በኋላ ከደብረ ማርቆስ ተነሥተው ይጁቤ ደርሰው ለምሳ ይመለሳሉ። ያን ጊዜ ክረምት ከገባ መኪና የሚባል ነገር ድምፁም አይሰማ፤ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚወጣ ሰው በበቅሎ ካልሆነ ጫማውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ጭቃውን በባዶ እግሩ ያቦካው ነበር።

የከተማዋ ሕይወት በሁለት ማዕዘን ላይ ነበር። በአንደኛው ማዕዘን ሻይ ቤቱ አለ። ሻይ ዐሥር ሳንቲም፣ ከዳቦ ጋር አሥራ አምስት። ባለቤቱ በስድስት ባትሪ የምትሠራ ሬዲዮ ነበረችው፤ ባትሪው ሲደክም አውጥቶ ደጃፉ ላይ ፀሐይ ያሰጣዋል፣ እኛም ባትሪው እስኪሞቅ ቁጭ ብለን እንጠብቃለን። የዘፈን ምርጫ ያለ ዕለት የቆመው ሰው ከተቀመጠው ይበዛ ነበር። በሌላው ማዕዘን የሐጂ ይማም ሱቅ አለ። ሐጂ አብዛኛውን ጊዜ ለንግድ ደብረ ማርቆስና ደጀን ስለሚመላለሱ፣ ሱቁን የሚይዙት ባለቤታቸው እትዬ ዘሃራ ነበሩ። ቀይ የልብስ ሳሙና፣ ክብሪት፣ ጨው፣ መርፌና ክር፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ጨርቅ። እስላሙም ክርስቲያኑም ልጁን የሚድረው፣ ሬሳውን የሚገንዘው ከእሳቸው ጥቅል በተቀደደ አቡጀዲ ነው። ዕድሜያቸው አርባውን ያለፈ፣ ወፈር ያሉ፣ ነጭ ሻሽ የማይለያቸው፣ ሲናገሩ ቀስ የሚሉ ሴት ነበሩ። እኔን "አስተማሪ" ሲሉኝ በቃሉ ውስጥ አክብሮትም ትንሽ ቀልድም አደባልቀው ነው።

ትምህርት ቤቱ ስድስት የጭቃ ክፍል ነበረው፤ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ዙሪያው ባሕር ዛፍ። ከጮቄ ተራራ የሚወርደው ብርድ በመስኮቱ ገብቶ በበሩ ይወጣል። ዳይሬክተሩ አቶ በላይነህ ካኪ ኮታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው ሲጠብቁኝ ነበር። ሒሳብ አስተምራለሁ ብዬ ነበር የሄድኩት፤ ሒሳቡ ግን ባለቤት ነበረው። ለእኔ የተረፈኝ ጤና አጠባበቅና ግብረ ገብ ነው። "አይክፋህ፤ በዚህ ትምህርት የሚወድቅ የለም፣ የሚያልፍም የለም" አሉኝ። ፈተና ላይ አይመጣም ለማለት ነው። እኔም በወጣትነት ትዕቢቴ የተናቅሁ መሰለኝ። ሰኞ ሰኞ ጥፍርና ጆሮ አያለሁ፤ ረቡዕ ስለ ዝንብ፣ ዓርብ ስለ እውነተኝነትና ስለ ታዛዥነት አስተምራለሁ። በመጽሐፉ ላይ እንደተጻፈው "ውኃ አፍልታችሁ ጠጡ" ስል፣ ከፊት ወንበር አንዲት ልጅ እጇን አውጥታ፣ "ጋሼ፣ ለእሱ የሚሆን ማገዶ ከየት ይመጣል?" አለችኝ። ወደሚቀጥለው ገጽ አለፍኩ። ልጅቷ የሰውዘር ዳምጤ ትባላለች።

አራተኛ ክፍል ውስጥ ከሃምሳ ሁለት ተማሪ ሴቶቹ ሰባት ብቻ ነበሩ። የሰውዘር አሥራ ሦስት ዓመት ይሆናታል፤ በትክክል የሚያውቅ አልነበረም። አባቷ አቶ ዳምጤ ከከተማዋ ጫፍ የሚኖሩ ደህና ገበሬ ናቸው። ልጅቱ ቀጠን ያለች፣ ጥያቄ የማያልቅባት፣ ሁለት ቁጥር ጥራችሁ ሳትጨርሱ ደምራ የምትጠብቃችሁ ዓይነት ነበረች። የሒሳብ አስተማሪው "ይቺስ ወንድ ብትሆን" እያለ ይቆጭ ነበር። ያን ጊዜ ይህ እንደ ምስጋና ይቆጠራል።

አንድ ቀን የጥርስ ሥዕል ሰሌዳው ላይ እንድትስል ጠራኋት። አልተነሣችም። ደግሜ ጠራኋት፤ አንገቷን ደፍታ፣ "አልችልም፣ ጋሼ" አለች። ሦስተኛ ጠራኋት። ልጆቹ እያዩኝ ነው፤ እኔ ደግሞ አዲስ አስተማሪ ነኝ፣ መናቅን እንደ እሳት የምፈራ። ሄጄ ክንዷን ይዤ አስነሣኋት፤ ሰሌዳው ፊትም አቆምኳት። ያኔ ጀርባዋ ወደ ክፍሉ ሆነ። የአቡጀዲ ቀሚሷ በደም ርሶ ነበር። ከኋላ አንድ ልጅ ሳቀ፤ ከዚያ ያ ረድፍ ሁሉ ሳቀ። የሰውዘር ነጠላዋን ወገቧ ላይ ጠምጥማ፣ ደብተሯን ትታ፣ በሩን ከፍታ ሮጠች። እኔ ምን እንደሆነ የገባኝ ከወጣች በኋላ ነው። የተጎዳች መስሎኝ ወንበሯ ላይ ሚስማር ስፈልግ ነበር። ሌሎቹ ስድስት ሴቶች መሬት መሬት ያያሉ። ሚስማር የምፈልገውን ሰውዬ፣ የጤና አስተማሪያቸውን፣ ላለማየት ይመስለኛል።

ሳምንት ሙሉ አልመጣችም። በሳምንቱ ደብተሯን ይዤ ወደ ቤታቸው ሄድኩ። አቶ ዳምጤ እርሻ ላይ ነበሩ፤ እናቷ ወይዘሮ ማንጠግቦሽ አጥሩ ጋ ወጥተው ደብተሩን ተቀበሉኝና ወደ ጎተራው አዩ። ልጅቷ ከጎተራው ጀርባ ተቀምጣ ነበር። የመጀመሪያዋ እንደነበረ፣ ታምሜ ልሞት ነው ብላ ሁለት ቀን እህል እንዳልቀመሰች፣ እሳቸውም ምን ብለው እንደሚነግሯት ቸግሯቸው "የሴት ነገር ነው" ብቻ እንዳሏት፣ ዓይናቸውን ከእኔ ላይ አንሥተው ነገሩኝ። እሳቸውንስ ማን ነገራቸው? ማንም። ደሙ በመጣ ቁጥር አራት ቀን ጥግ ይዞ መቀመጥ ነው፤ እንዲህ ሆና ሰው መሃል መሄድ የለም። አባቷ ደግሞ ደርሳለች ብለው ከአምበር በኩል የመጣ የጋብቻ ጥያቄ መቀበል ጀምረዋል። "አንተም አትልፋ፣ ልጄ" አሉኝ። "ያ ሁሉ ልጅ ስቆባት እንዴት ትመለሳለች?"

ስመለስ መንገድ ላይ የክፍሎቹን ሴቶች በጣቴ ቆጠርኩ። አንደኛ ክፍል ሃያ ስድስት፣ አራተኛ ሰባት፣ ስድስተኛ ክፍል አንዲት ብቻ። ሌሎቹ የት ገቡ ብሎ የጠየቀ አልነበረም። እኔም ጥፍር ሳይ ከርሜ አልጠየቅሁም። አሁን ላስተምር ብልስ ምን አውቄ? እናቴ ስድስት ልጅ ወልዳለች፣ አራት እኅቶች አሉኝ፤ ስለዚህ ነገር ግን የማውቀው ከጓደኞቼ ቀልድ የሰማሁትን ብቻ ነበር። በትምህርት ቤቱ ሴት አስተማሪ የለም። በከተማዋ ነርስ የለችም። የማማክረውን ሰው ሳስብ ወደ ልቤ የመጡት እትዬ ዘሃራ ብቻ ነበሩ፤ አምስት ሴቶች ልጆች አሳድገው ድረዋል፣ ከተማዋ ውስጥ ያለች ሴት ሁሉ ጨርቅ የምትገዛው ከእሳቸው ነው።

ሱቁ ባዶ እስኪሆን ጠብቄ ገባሁ። ያልፈለግሁትን ሳሙና ገዛሁ፣ ያልፈለግሁትን ክብሪት ገዛሁ። በመጨረሻ እሳቸው ራሳቸው፣ "የመጣህበትን ተናገር እንጂ" አሉኝ። ተናገርኩ፤ እየተንተባተብኩ፣ ዓይኔን የጨው ጆንያ ላይ ተክዬ። ልጅቷን እንዴት እንዳስቆምኳት ስደርስ የያዙትን ጥቅል አስቀመጡ። ከዚያ፣ "ጤና የምታስተምረው አንተ ነህ?" ብለው ጠየቁኝ። አዎን አልኩ። "ታዲያ ማንን ጠይቀህ ታስተምራለህ?" መልስ አልጠበቁም። እመጣለሁ አሉ፤ ግን በሩ ይዘጋል፣ መስኮቱ በጆንያ ይሸፈናል፣ ወንድ በአካባቢው ዝር አይልም፤ እኔ ብቻ ከውጭ ሆኜ እጠብቃለሁ። ዳይሬክተሩንም አስፈቅድ አሉኝ። አቶ በላይነህ ነገሩን ሲሰሙ ተነሥተው የቢሮአቸውን በር ዘጉ። ጢማቸውን ሲያሻሹ ቆዩና፣ "እኔ አላየሁም፣ አልሰማሁም" አሉ። እኔም ፈቃድ ነው ብዬ ወሰድኩት።

የሰውዘርን ያመጣኋት ወይዘሮ ማንጠግቦሽን ሦስት ጊዜ ለምኜ ነው። አባቷ ለከብት ገበያ በወጡበት ቀን፣ ሰባቱ ሴቶች ከሰዓት በኋላ ክፍል ውስጥ ቀሩ። እትዬ ዘሃራ አንድ ድፍን አቡጀዲ በክንዳቸው አቅፈው መጡ። በሩ ተዘጋ። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ ቆምኩ። ጨርቁ ሲቀደድ ተሰማኝ፤ ደግሞ፣ ደግሞ፣ ደግሞ፤ ሽታው በበሩ ስንጥቅ መጣ። ከዚያ የእሳቸው ቀስ ያለ ድምፅ፤ ቃሉ አይለይም። ብዙ ቆይቶ አንዲት ልጅ ሳቀች፤ ሌሎቹም ተከተሏት። የፌዝ ሳቅ አልነበረም፤ ሸክም ያወረደ ሰው ሳቅ ነበር። ምን እንዳሏቸው ሙሉውን እስከ ዛሬ አላውቅም። የተረዳሁት ያህል፣ ይህ በሽታም እርግማንም እንዳይደለ፣ እሳቸውም በልጅነታቸው እንደፈሩ ነግረዋቸዋል። ጨርቁን እንዴት አጥፎ መስፋትና ማሰር፣ በእንዶድም በሳሙናም እንዴት ማጠብ፣ ነጠላ ሥር አድርጎ ፀሐይ ላይ እንዴት ማድረቅ እንደሚቻል አሳይተዋቸዋል። ማንም ያለ ፈቃዳችሁ እንዲነካችሁ አትፍቀዱ ብለዋቸዋል። ለእያንዳንዷ ሁለት ሁለት ጨርቅ ሰጥተው ወጡ። ለጨርቁ እንድከፍል ብጠይቃቸው ያልሰማ መስለው አለፉ። የሰውዘር በማግስቱ ትምህርት ቤት መጣች። ከፊት ወንበር ላይ ነጠላዋን አስተካክላ ተቀመጠች፤ ወደ ኋላ አልዞረችም።

ሦስት ሳምንት አልሞላም፣ ከልጆቹ የአንዷ አባት ፀሐይ ላይ የተሰጣውን ጨርቅ አየ። ወሬ በጠላ ቤት ውስጥ ጨርቅ ሆኖ ገብቶ ሌላ ነገር ሆኖ ይወጣል። እስላሟ ሴትዮ ልጆቻችንን ክፍል ዘግታ ነውር አስተማረች፤ ጨርቁ መድኃኒት የነካው ነው፣ መካን ያደርጋል፤ ሃይማኖታቸውን ልታስለውጥ ነው ተባለ። አቶ ዳምጤ አራት ሽማግሌዎች አስከትለው፣ በርኖሳቸውን ለብሰው ትምህርት ቤት መጡ። ሐጂ ይማም ያን ሰሞን ለንግድ ወጥተው ስለነበር እትዬ ዘሃራ ብቻቸውን ተጠርተው መጡ፤ ወንዶቹ መሃል መግባት ነውር ስለሆነ ከበሩ ውጭ ቆሙ። አቶ በላይነህ ጣሪያውን ያያሉ። አቶ ዳምጤ ድምፃቸውን ሳያነሡ፣ "አንተ ነህ ያስገባሃት?" ብለው ጠየቁኝ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ምን እንደሚል አውቃለሁ፤ እውነቱን ተናገርኩ ብል ደስ ባለኝ። ፈራሁ። እንጀራዬ ታየኝ፤ አገር ቤት ደመወዜን የምትጠብቀው እናቴ ታየችኝ፤ የሽማግሌዎቹ ዱላም ታየኝ። "ስለ ሳሙና ልንገራቸው ብለው ነው የገቡት። ሌላውን አላውቅም" አልኩ። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ በበሩ በኩል እትዬ ዘሃራ ሲያዩኝ አየሁ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ወደ እሳቸው ዞረው እውነት መሆኑን ጠየቁ። ሴትዮዋ ሻሻቸውን አስተካከሉ። "አስተማሪው እንዳለው ነው" አሉ። "ጥፋቱ የእኔ ነው።" ቀስ ብለው፣ እንደ ሁልጊዜው አረማመዳቸው፣ ወደ ሱቃቸው ሄዱ።

ከዚያ በኋላ ያለው የገበያ ቀን ዓይኔ ላይ ነው። የሐጂ ሱቅ ደጃፍ፣ ያ ሰው የሚጋፋበት ደጃፍ፣ ባዶውን ዋለ። ጨው የሚፈልግ እንኳ ወደ ታችኛው ሱቅ ወረደ። ሐጂ ከደጀን ሲመለሱ በሚስታቸው ላይ መቆጣታቸውን ጎረቤት ሰማ። የሰውዘር ደግሞ እንደገና ቀረች፤ የአምበሩ ሰው ሽማግሌ ሊልክ ነው ተባለ። ዓርብ ግብረ ገብ ክፍል ስገባ የዕለቱ ርእስ "እውነት መናገር" የሚል ነበር። ጠመኔ አነሣሁ። "እውነት" ብዬ ጻፍኩ። የቀሩት ስድስቱ ሴቶች ያዩኛል፤ እትዬ ዘሃራን ማን እንዳመጣቸው ያውቃሉ፣ ምን እንዳልኩም ሰምተዋል። ቀሪውን ቃል ሳልጽፍ ጠመኔውን አስቀምጬ ልጆቹን ለጨዋታ አሰናበትኳቸው።

መሪጌታ ላቀው የሚባሉ የአማርኛና የግዕዝ አስተማሪ ነበሩን፤ ጥምጣማቸው የማይዛነፍ፣ ቅኔ የዘረፉ ሽማግሌ። እሳቸው ዘንድ ሄጄ ሁሉንም ነገርኳቸው። አልተቆጡኝም፣ አላባበሉኝም። "እኔ የአማርኛ አስተማሪ ነኝ፤ አንተ የግብረ ገብ። ማን ማንን ይጠይቅ?" አሉኝ። ልወጣ ስነሣ ጨመሩ፦ "በአደባባይ የወደቀ በአደባባይ ነው የሚነሣ።"

እሑድ ቅዳሴ ሲወጣ ሰው ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ፣ ወይራው ሥር ቆሞ የአገሩን ጉዳይ የመነጋገር ልማድ ነበረው። የምናገረው አለኝ ብዬ መሃል ገባሁ። ዋሽቻለሁ አልኩ። እትዬ ዘሃራን የለመንኳቸው እኔ ነኝ፤ እሳቸው የመጡት እኔ ማስተማር ያለብኝን ሳላውቀው ስለቀረሁ ነው፤ ያስተማሩትም ልጆቻችሁ ታጥበው፣ ተጠብቀው፣ አንገታቸውን ሳይደፉ ትምህርት ቤት እንዲውሉ ነው። የሰውዘርን በሰው ፊት ያዋረዷት እትዬ ዘሃራ አይደሉም። እኔ ነኝ፤ ክንዷን ይዤ ያስነሣኋት እኔ ነኝ። አንድ ሰው ከኋላ፣ የሴት ደም ነገር በቤተ ክርስቲያን ደጅ ይወራል ወይ ብሎ አጉረመረመ። መሪጌታ በመቋሚያቸው ተደግፈው፣ "ከአዳም ስም ላይ ደሙን ብታወጣ 'አ' ብቻ ይቀርሃል፤ አፍህን ከፍተህ ቀረህ ማለት ነው" አሉት። ፊደሉን ትንሽ ላላ አድርገውታል፤ የቅኔ ሰው ስለሆኑ ማንም አልተከራከራቸውም። ጥቂት ሰው ፈገግ አለ። አቶ ዳምጤ ግን ፈገግ አላሉም። ፊቴ ድረስ መጥተው፣ "ያን ጊዜ ልጄን አስቁመህ ያሳቅህባት አንተ ነህ?" አሉኝ። አዎን አልኩ። ለረጅም ጊዜ አዩኝ። ይመቱኛል ብዬ ነበር፤ ቢመቱኝም ባልጠላሁ። "ለካ ልጄ የሸሸገችኝ ይህን ነው" ብለው ጋቢያቸውን አጣፍተው ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ምንም የተለወጠ አልመሰለኝም ነበር። በሚቀጥለው የገበያ ቀን፣ ገበያው በደመቀበት ሰዓት፣ ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ከቤታቸው ተነሥተው የገበያውን መሃል ሰንጥቀው ሄዱና ባዶው ሱቅ ደጃፍ ላይ ቆሙ። እኔ ሻይ ቤቱ ጋ ሆኜ አያለሁ። ሰው እንዲሰማ ሆነው፣ "እትዬ ዘሃራ፣ ሁለት ክንድ አቡጀዲ ይለኩልኝ። ለልጄ ነው" አሉ። ሌላ አልተናገሩም። ጨርቁን በነጠላቸው ሥር አልደበቁትም፤ ክንዳቸው ላይ ጣል አድርገው በመጡበት መንገድ ተመለሱ። ቀጥሎ አንዲት ሴት ሄደች፤ ጨው ብቻ ገዛች። ቀጥሎ ሁለት ሄዱ። እስከ ከሰዓት በኋላ ደጃፉ እንደ ወትሮው ሆነ። ሰኞ የሰውዘር ከፊት ወንበሯ ላይ ነበረች። የአምበሩ ሰው ስድስተኛ እስክትጨርስ ይጠብቅ ተብሎ ተነገረው፤ አልጠበቀም፣ ሌላ አገባ።

እኔን ሰኔ መግቢያ ላይ፣ መንገዱ በዝናብ ሳይዘጋ፣ ወደ መርጡለ ማርያም አዛወሩኝ። ደብዳቤው "ያልተፈቀደለትን ሰው ክፍል ስላስገባ" ይላል። አልተከራከርኩም፤ እውነት ነዋ። መርጡለ ማርያም ስድስት ዓመት፣ ከዚያ ሌላ ቦታ፣ ከዚያ ሌላ፤ ዘመኑ ተለወጠ፣ ንጉሡም ወረዱ፣ ጎፈሬዬም ሳስቶ አለቀ። የሰውዘር ስድስተኛን ጨርሳ፣ ደብረ ማርቆስ ዘመድ ቤት ሆና ስምንተኛ ደርሳለች። ከዚያ በላይ አልገፋችም፤ አግብታ አምበር ላይ እህል ትነግድ ነበር። ከብዙ ዓመት በኋላ ደብረ ማርቆስ አውቶቡስ ተራ አገኘኋት፤ ወፍራም፣ ደስተኛ፣ ሁለት ሴቶች ልጆቿን ለትምህርት ስትሸኝ። ይቅርታ ልጠይቃት አፌን ስከፍት ቀደመችኝ፤ "ጋሼ፣ ወንበሬ ላይ ሚስማር ሲፈልጉ ነበር አሉ" ብላ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ሌላ ምን አደርጋለሁ?

እትዬ ዘሃራን የተሰናበትኳቸው ከይጁቤ በወጣሁበት ጠዋት ነው። ወይራው ሥር ለሕዝብ ተናግሬ ነበር እንጂ ለእሳቸው ለራሳቸው አንድም ቃል አልተናገርኩም ነበር፤ አፍሬ ሱቃቸው ደጃፍ እንኳ ማለፍ ትቼ ነበር። ገብቼ ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ ስል ትከሻዬን ይዘው አቃኑኝ። ይቅር ይበሉኝ አልኳቸው።

"አንተ ፈርተህ ዋሸህ፤ እኔ አዝኜልህ ዋሸሁ። ሁለታችንንም አላህ ይቅር ይበለን" አሉኝ። ቀጥለውም፣ "እኔ ጋ የመጣህ ቀን ዓይንህ ጨው ጆንያው ላይ ነበር" አሉ። "ሚስት ስታገባም እንደዚያው ፊትህን ልታዞር ነው?"

መኪናው ጥሩንባ እየነፋ ነበር፤ ዕቃዬን ተሸክሜ ሮጥኩ።

ከዚያ በአራተኛው ዓመት አገባሁ። አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ሚስቴ ምስር ስትለቅም አጠገቧ ተቀምጬ ጠየቅኋት፤ ልጅ እያለች ያ ነገር መጀመሪያ ሲመጣባት ማን ነገራት፣ ፈርታ ነበር ወይ፣ አሁንስ ያማታል ወይ። እጇ ምስሩ ላይ ቀረ። አበደ እንዴ ብላ ያሰበች ይመስለኛል። ትሪውን አስቀምጣ፣ "እናቴም እንኳ ጠይቃኝ አታውቅ" አለች። ከዚያ ስትነግረኝ ረፋዱ አለፈ።

ሦስት ሴቶች ልጆች ወልደናል። ዛሬ ሁሉም ባለ ትዳር ናቸው፤ አንዷ ራሷ አስተማሪ ናት። ሦስቱም ይህን ነገር ገና ሳይመጣባቸው በፊት ነው የሰሙት፤ እናታቸው ከአንድ ጎን፣ እኔ ከሌላው ጎን ተቀምጠን። በየተራ፣ እያንዳንዷ ዕድሜዋ ሲደርስ። የመጀመሪያዋን ስነግራት ዓይኔ መሬት ላይ ነበር፤ ለሦስተኛዋ ስደርስ ግን ዓይን ዓይኗን እያየሁ ነገርኳት።